ለእናትህ አልጋ የት አስበሃል?

የእኅቴ ልጅ፣ እሑድ ያመጣኸውን ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ አራት ጫፉን በስኒ አስረግጬ፣ ሁለት ሌሊት ስመለከተው አመሸሁ። ስትሰጠኝ «ጋሼ፣ ምን ላድርግ፣ ቦታዋ ጠባብ ናት፤ 150 ካሬ ብቻ» ብለህ አንገትህን ደፍተህ ነበር። አልተቀበልሁህም። ወርዱ 10፣ ቁመቱ 15 ሜትር የሆነ ቦታ አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ አይጠብም። ያጠበበው ይህ ወረቀት ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ እኔም ወረቀቱ የያዘውን ስሕተት መሠረቱ ሳይረከበው ልንገርህ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ቁጣዬን አስቀድሜ ልጨርሰው። ፕላኑ ላይ «የእንግዳ መኝታ» የሚል 3 በ3.50 የሆነ ክፍል አለ፤ ከዋናው ቤት ውስጥ፣ ባለ ጥሩ መስኮት። ከጓሮ ደግሞ «ሰርቪስ» የተባለ 2.50 በ3 ክፍል አለ፤ ከእሱ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ጣሪያ የለውም። እናትህ መጥታ ከእናንተ ጋር እንደምትኖር የነገርኸኝ ራስህ ነህ። ጉልበቷ እንደማይታዘዝላት ታውቃለህ፤ የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ምን እንደሚያደርግም ታውቃለህ። ታዲያ በዓመት አራት ሌሊት ለሚያድር እንግዳ ከውስጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ለምትኖር እናት ከጓሮ? ክፋት አይደለም፤ ክፋትማ ቢሆን ወረቀቱን መልሼልህ ዝም እል ነበር። ፕላኑን የገለበጥኸው ከጓደኛህ ነው፤ የእሱ እናት ደግሞ አገር ቤት ናቸው። እንግዲህ በሰው እናት ልክ የራስህን እናት ከጓሮ አስወጣሃት ማለት ነው።

አባቶቻችን «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ሲሉ ስለ ገንዘብ ብቻ የተናገሩ ይመስለን ነበር። በግንበኝነትና በፎርማንነት ስኖር ግን ይህ ተረት የግንባታ ሕግ ሆኖ አገኘሁት። ጓደኛህ ቤቱን የሠራው አዳማ ነው። እዚያ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ሰው ጥላና ነፋስ ይፈልጋል፣ ኮርኒሱን ከፍ ያደርጋል፣ መስኮቱን ከፀሐይ ያሸሻል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ፀሐይን የምትሸሸው ከምን ፈርታ ነው? እሱ 3.20 ያደረገውን የኮርኒስ ከፍታ አንተ 2.80 ብታደርገው፣ በቤቱ ዙሪያና በየክፍሉ ሁለት ሁለት ረድፍ ብሎኬት ይቀርልሃል፤ ክፍሉም ቶሎ ይሞቃል።

አሁን ሜትሩን ተወውና ቀናችሁን ለኩ። ከባለቤትህ ጋር ተቀመጥና ጠይቃት፤ ጠዋት ማን ቀድሞ ይነሣል? ልጆቹ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት የት ነው? ቡና የሚፈላው የት ነው? የታጠበ ልብስ በክረምት የት ይሰጣል? ጤፉና በርበሬው የት ይቀመጣል? እሷን ሳትጠይቅ ያሰመርኸው መስመር ካለ ደምስሰው። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም»፤ የቤቱን ልብ የምታየው እሷ ናት።

ይህን የምልህ ጠቢብ ስለሆንሁ አይደለም። የራሴን ቤት ስሠራ የሰው ቤት ስሠራ የኖርሁ ሰው ነበርሁ፤ ሆኖም 6 በ5 የሆነ ሳሎን አወጣሁ። ሠላሳ ካሬ! ሶፋው ዳንቴል ለበሰ፣ ቡፌው በብርጭቆ ተሞላ፣ በሩ ተቆለፈ። ልጆቼ ያደጉት የማዕድ ቤቱ ደፍ ላይ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነው። አክስትህ አንድ ቀን የሳሎኑን አቧራ ስትጠርግ ቆይታ «ይኼ ክፍል ኪራይ ቢከፍል ምን አለበት፣ ከሁላችን የተሻለ ይኖራል» አለችኝ። ሳቅሁ። ነገሩ የገባኝ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ነው፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት እኔ ነኝ።

«እንግዳስ? ልቅሶስ? ክርስትናስ?» ትለኛለህ። ቤት ለእንግዳ ነው፣ አልክድም። ግን ቆጥረህ እየው። ዐሥር ሰው ሲመጣ 20 ካሬ ሳሎን ይበቃል። መቶ ሰው ሲመጣ ደግሞ ሠላሳም፣ አርባም አይበቃም፤ ድንኳን ይተከላል። ድንኳኑ የማን ነው? የእድሩ ነው። አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳሕኑ ሁሉ የእድሩ ነው። በየወሩ የምትከፍለው መዋጮ ትልቁን ሳሎንህን ሌላ ቦታ አስቀምጦልሃል። በቤቴ ሁለት ሰርግ ተደግሶ በሁለቱም ሕዝቡ የተቀመጠው ከድንኳን ነው፤ ያ ሠላሳ ካሬ ሳሎን የኮትና የጃንጥላ ማስቀመጫ ሆኖ ዋለ። ስለዚህ ለመቶው ሰው ቤቱን አታስፋ፤ ግቢ ተውለት። ከበሩ ፊት ለፊት 4 በ10 ሜትር ባዶ ብትተው ድንኳን ይይዛል፤ በሌላው ቀን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ልብስ ይሰጣበታል። አንዳንዱ ከአጥር እስከ አጥር ሞልቶ ይሠራና ልቅሶ ሲመጣበት ድንኳን የሚተክልበት መንገድ ዳር ይለምናል። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» እንዲሉ።

ወደ ኮሪደሩ ልምጣ። በፕላንህ ላይ መሐል ለመሐል 1.20 በ7 ሜትር የሆነ መተላለፊያ አለ። አባዛው፤ 8.40 ካሬ ነው። 2.80 በ3 የሆነ የልጅ መኝታም በልኩ 8.40 ካሬ ነው። አንድ ልጅ የሚያሳድግ ክፍል ለእግር መንገድ ሰጥተህ፣ ከዚያ «ልጆቹ ጠበባቸው» ትላለህ። ያውም ጨለማ ነው፤ ቀን በቀን መብራት ይበላል። መኝታዎቹ በቀጥታ ከሳሎኑ አንድ ጥግ ይከፈቱ፤ ሦስት በር የምታሰባስብ የአንድ እርምጃ ጥግ ትበቃለች። ነውሩን ጠብቅ እንጂ፤ የሽንት ቤቱ በር ወደ ማዕድ አይክፈት፣ ወደ ጎን ይዙር። እንግዳ እንጀራ ቆርሶ ቀና ሲል የሚያየው እሱን መሆን የለበትም።

ግድግዳም ቦታ ይበላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። የውስጥ ግድግዳህን ርዝመት ደመርሁት፤ 24 ሜትር ይሆናል። ሁሉም ባለ 20 ብሎኬት ነው የተባለው። ቤቱ በቢምና በምሰሶ የቆመ ስለሆነ የውስጡ ግድግዳ ምንም አይሸከምም፤ ባለ 10 ብታደርገው 2.40 ካሬ ታተርፋለህ፤ 1.20 በ2 የሆነ መታጠቢያ ቤት በነጻ ማለት ነው። የአንተና የባለቤትህን መኝታ ከልጆቹ የሚለየውን ብቻ ባለ 15 አድርገው፤ ምክንያቱን ትልቅ ሰው ሆነሃል፣ አልነግርህም። ጣሪያውን ግድግዳው የሚሸከመው ቤት ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ምክር አልሰጥህም ነበር፤ ስለዚህ መሐንዲስህን ሳታማክር አንድ ብሎኬት አታሳሳ።

የቤቱም ቅርጽ እንዲሁ ነው። አያትህ የሠሩትን ክብ ጎጆ ታስታውሳለህ? 6 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቤት 28 ካሬ ይይዛል፤ ዙሪያው 19 ሜትር አይሞላም። ያንኑ 28 ካሬ አራት ማዕዘን አድርገህ ብትሠራው ዙሪያው ከ21 ሜትር ያልፋል። ሽማግሌው አስኳላ አልገቡም፤ ግን በትንሽ ድንጋይ ብዙ ቤት እንደሚወጣ ያውቁ ነበር። ዛሬ ክብ ሥራ አልልህም፤ አልጋና ቁም ሳጥን ከክብ ግድግዳ ጋር አይግባባም። ግን ወደ አራት ማዕዘን እኩል ተጠጋ፤ 8 በ9 የሆነ ቤት 72 ካሬ ነው፣ ዙሪያው 34 ሜትር። 4 በ18 የሆነ ቤትም 72 ካሬ ነው፤ ዙሪያው ግን 44። ዐሥር ሜትር ግድግዳ፣ ከነመሠረቱ ከነልስኑ፣ በከንቱ። ጓደኛህ ለማሳመር ያወጣቸውን ሁለት ጎባጣ ማዕዘኖችም እርሳቸው።

ከዚያ ጎጆ የምትወርሰው ሌላም አለ፤ መደብ። ከግድግዳው ተያይዞ የተሠራ የጭቃ መቀመጫ ነበር፤ ቀን ይቀመጡበታል፣ ሌሊት ይተኙበታል። ሐረር ለሥራ በሄድሁ ጊዜ ደግሞ ይህ ጥበብ ንጉሥ ሆኖ አገኘሁት። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ ያለ የሐረሪ ቤት ዋና ክፍሉ፣ ጊዲር ጋር የሚሉት፣ ወለሉ ራሱ ደረጃ ደረጃ ያለው መቀመጫ ነው፤ ነደባ ይሉታል። ወንበር የለም፣ ሶፋ የለም፣ ቡፌ የለም፤ መደርደሪያው ግድግዳው ውስጥ ተቀርጿል፣ ሳሕኑና ሰፌዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ጌጥ ሆኗል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሳይመዘግበው በፊት እኛ ግንበኞች አፋችንን ከፍተን አይተነዋል። ከዚያ የተማርሁትን እንካ፤ በሳሎንህ መስኮት ሥር፣ ቁመቱ 45፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ ክዳን መደብ በጣውላ አሠራ። 3 ሜትር ርዝመት አምስት ሰው ያስቀምጣል፤ ሆዱ ውስጥ ብርድ ልብስና የክረምት ጫማ ይገባል። አምስት ሰው በሶፋ ለማስቀመጥ ስንት ቦታ እንደሚሄድ ሱቅ ገብተህ በሜትር ለካው። ባለቤትህ ሶፋ ከፈለገች ግን አንዲት ባለ ሁለት ይግባላት፤ በዚህ ጉዳይ ተጣልታችሁ እኔ ሽማግሌ ሆኜ እንድመጣ አታድርጉ።

ቁም ሳጥንንም እንዲሁ አድርገው። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሁለት ክፍሎች መሐል ካለው ግድግዳ ጋር አብረህ አስበው። የበሩን ነገር ደግሞ ችላ አትበል፤ 80 ሳንቲ ሜትር በር ሲከፈት ግማሽ ካሬ ወለል ይጠርጋል፤ በዚያ ላይ ምንም ማስቀመጥ አይቻልም። በሩን ከጥግ አድርገውና ወደ ግድግዳው ይክፈት። ከክፍሉ መሐል የተከፈተ በር አልጋውንም ቁም ሳጥኑንም ሲያሳድድ ይኖራል።

ማዕድ ቤቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የፕላኑ ትልቁ ውሸት እዚያ ነው። ያምራል፤ ካቢኔት፣ ማጠቢያ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ ሁሉም ተስሏል። ምጣዱ የት አለ? ይህን ስዕል ያወጣው ሰው እንጀራ የማይበላ አገር መጽሐፍ አይቶ ነው የሳለው። ምጣድ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ አጠገቡ የሊጥ ባልዲ፣ የሰፌድ ቦታ፣ የምትጋግር ሰው ክርን ያስፈልጋል። ቦታ ካልተሰጠው በረንዳ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ለዝናቡ ቆርቆሮ ይመታለታል፤ ከዚያ ያቺ ቆርቆሮ ሌላ ማዕድ ቤት ትሆናለች፤ አንድ ቤት ሁለት ማዕድ ቤት ያበጃል። ከማዕድ ቤቱ የጓሮ በር ወጣ እንዳሉ፣ በዚያው ጣሪያ ሥር፣ 1.20 በ1.50 የሆነች ጥግ ከነጭስ ማውጫዋ አስቀምጥ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚጎትት የራሱ መስመር ይኑረው፤ ከመብራቱ ጋር አታዳብለው። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ እኔን አትጠይቀኝ፤ ጠዋትና ማታ ቦታው ላይ ቆመህ የጎረቤትን ጭስ እየው።

ማዕድ ቤቱና መታጠቢያው ጀርባ ለጀርባ ይሁኑ። ቧንቧው አንድ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፣ ፍሳሹም አጭር ይሆናል። አንተ ሽንት ቤት በስተምሥራቅ፣ ማዕድ ቤት በስተምዕራብ አድርገህ መሐላቸውን በቧንቧ አሰልፈሃል። የሽንት ቤቱን መቀመጫና ገላ መታጠቢያውን በግድግዳ ለያቸው፤ በአራት ካሬ ይሆናል። አምስት ሰው ጠዋት ሲነሣ አንዱ እየታጠበ ሌላው ይገላገላል። የሴፕቲክ ታንኩን ከፊት ግቢ ቅበረው፤ ከጓሮ ከቀበርኸው የመምጠጫው መኪና ቱቦ ቤቱን ሁሉ ካልዞረ አይደርስለትም።

የፀሐይን ነገር አንሥቼልህ ነበር። መንገዱ በምሥራቅ ስለሆነ ቤትህ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይረዝማል። ከአንዱ ጎን የ2 ሜትር መሄጃ ይተዋል፤ ጓደኛህ በሰሜን ስላደረገው አንተም በሰሜን አድርገሃል። ገልብጠው። ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ በሚጸናበት ጊዜ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። መሄጃውን በደቡብ አድርገህ የሳሎኑንና የእናትህን መስኮት ወደዚያ ከከፈትህ፣ 2 ሜትር ቁመት ያለው አጥር በታኅሣሥ ቀትር የሚጥለው ጥላ 1.30 ሜትር ገደማ ነው፤ መስኮትህ ድረስ አይደርስም። ሰሜኑን ጎን ለመታጠቢያና ለማዕድ ቤት ተወው። ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል መራቅ እንዳለብህና መስኮት የት እንደማይፈቀድ ግን ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጠይቀህ በጽሑፍ ያዝ፤ የእኔ ምክር ከመመሪያው አይበልጥም።

ደረጃውስ? «ወደፊት ጂ ፕላስ ዋን አደርገዋለሁ» ብለህ ሳሎኑ ውስጥ ደረጃ አስገብተሃል። ሦስት ሜትር ለመውጣት 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ እርከን 18 ጊዜ ትወጣለህ፤ ታጥፎም ቢሆን ከታች 8 ካሬ ገደማ ይወስዳል፣ ከላይም ያንኑ ይወስዳል። ገንዘቡ መቼ እንደሚመጣ ሳታውቅ ዛሬ ስምንት ካሬ መስጠት «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ነው። ከምር ከሆነ መሠረቱንና ምሰሶውን መሐንዲሱ ለጂ ፕላስ ዋን ያስላልህ፣ ደረጃውም በጓሮ በኩል በውጭ የሚወጣ ይሁን። ከምር ካልሆነ ተወው። በየሰፈሩ ከጣሪያ ላይ ፌሮ አቁመው ዝገት የሚያጠጡትን አይተሃል።

እንግዲህ እኔ በእርሳስ የሞከርሁትን ተመልከት። ከፊት 4 ሜትር ግቢ፣ ከኋላ 2፣ ከደቡብ 2፤ መሐል 8 በ9 የሆነ ቤት። ሳሎን ከማዕዱ ጋር 20 ካሬ፣ ማዕድ ቤት 7፣ የእናትህ 10፣ የእናንተ 10፣ የልጆቹ 12፣ መታጠቢያው 4። ይህ 63 ነው፤ ግድግዳው 9 ይወስዳል፤ 72 ሞላ። የልጆቹ ከእናንተ መብለጡ አይደንቅህ፤ እናንተ የምትገቡት ለመተኛት ነው፣ እነሱ ግን ያነባሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ። ሁለት መስኮት አድርግለት፤ ሴት ልጅህና ወንድሟ ሲያድጉ በጣውላ ይከፈላል። የእንግዳ መኝታ የለም። እንግዳ ሲመጣ ልጁ መደቡ ላይ ይተኛል፤ አንተም እንደዚያ ነው ያደግኸው፣ እኔ ቤት ስታድር ወለል ላይ ነበር የምትተኛው፣ ቅር ሲልህ ግን አላየሁም።

የእናትህ ክፍል ለመታጠቢያው ቅርብ፣ ደፍ የሌለው፣ በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ዛሬ በምርኩዝ ትገባለች፣ ነገ በተሽከርካሪ ወንበር ሊሆን ይችላል። ከፊት ለፊቱ ማዕዘን ላይ አድርገው፤ ከደቡቡ መስኮት ሌላ በምሥራቁ ግድግዳ አንዲት ትንሽ መስኮት ይኑራት፤ ከመስኮቷ ጎን ለሥዕለ አድኅኖዋ ቦታ ተውላት። ማለዳ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ስትጸልይ ፀሐይም ከዚያው ትመጣላታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቦታው ላይ እጠብቅሃለሁ። ሲባጎ፣ ችካልና ግማሽ ኩንታል ኖራ ያዝ። የቤቱን መስመር በሙሉ ልኩ መሬት ላይ በኖራ እናሰምረዋለን፤ አልጋውን በካርቶን፣ ምጣዱን በሰፌድ እናስቀምጣለን። ባለቤትህና ልጆቹ ይምጡ። እናትህንም አምጣት፤ ከአልጋዋ ተነሥታ እስከ መታጠቢያው ትራመድ፣ እኔ እርምጃዋን እቆጥራለሁ። ከስምንት ከበለጠ ግድግዳውን እናንቀሳቅሰዋለን፤ ኖራ ነውና በእግር ይጠፋል። የምታርፍበት በርጩማ አትርሳ።